የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎችና ስም የሌለው የእስቴ ካሴት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ርእስ «የአንድ ባህላዊ ድምፃዊ ሕይወትና ሥራ» ይላል። ርእሱን የሰጠሁት ራሴ ስለሆንሁ ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ይሁን እንጂ ንግግሩን ስጽፍ አንዱ ድምፃዊ ሁለት ሆነብኝ። የአንደኛው ስም፣ የትውልድ አገር፣ የሞት ዘመን፣ የልጃቸው ዝና ሳይቀር በጽሑፍ ይገኛል። ከሁለተኛው በእጄ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ስለ አንደኛው ለመናገር ሁለተኛውን ማስቀደም ግድ ሆኖብኛል።

በጥር ወር 1986 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰርግ ግጥሞችን ስሰበስብ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስሄድ አንድ መንደር ሰርግ ገባሁ። የተዋስሁት ቴፕ ነበረኝ፤ ስድሳ ደቂቃ የሚይዝ አንድ ካሴትም ነበረኝ። ዳሱ ውስጥ አዝማሪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ተጫወተ። ስድሳ ደቂቃ ለአንድ ሌሊት አይበቃምና ጨዋታው ሲደምቅ እያበራሁ፣ ሲቀዘቅዝ እያጠፋሁ ቀዳሁ። ሲነጋ ካሴቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «እስቴ፣ ሰርግ፣ አዝማሪ፣ ጥር 86»። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የባለ ሰርጉን ስም ከነማዕረጋቸው፣ የሙሽራዋን አባት ስም፣ የሚዜዎቹን ቁጥር፣ የታረደውን ሰንጋ ቀለም ሳይቀር አስፍሬአለሁ። የአዝማሪውን ስም አልጠየቅሁም።

ረስቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገረውም ነበር፤ መርሳት የማንም ሰው ጠባይ ነው። መጠየቅ እንዳለብኝ ግን ጭራሽ አልታየኝም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለሰውዬው ስም የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ጽሑፌን የመረመሩት መምህራንም አልጠየቁኝም፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ አገሩ ልመለስ። ከጉና ተራራ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ከሚበልጠው ከፍታ ተነሥቶ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የድጓ ምስክር ቤተልሔም ጋይንት ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ፣ እሱም ጋይንት ነው። በእስቴ በኩል ያለው ቆማ ደግሞ በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው፤ የዜማ ሊቃውንት ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያሉ ስልቶቹን ሲለዩ ሁለቱ ስሞች ከዚሁ አካባቢ የወጡ ናቸው። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ቤተልሔም ደርሶ ከክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የነበረውን የጥንት አራት ማዕዘን ሕንፃ ለውጭው ዓለም ሲያስተዋውቅ እንደ ትልቅ ግኝት ተቆጥሮለት ነበር። የድጓ ተማሪዎች ግን ኮቾሯቸውን ይዘው ቦታውን ሲያገኙት ብዙ መቶ ዓመት አልፎአል።

ይህን የማነሣው ለአገር ፍቅር ብዬ አይደለም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ «ዝማሬ» የወጣውም ከዚያው ነው። እንግዲህ በአንድ አውራጃ፣ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ሙያዎች ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው። አንደኛው በዙር አምባ ደጀ ሰላም፣ ሁለተኛው በሰርግ ዳስ። የዝማሬ መምህር ሲጠየቅ ከማን እንደተማረ፣ የተማረበት መምህር ደግሞ ከማን እንደተማረ እስከሚችለው ድረስ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ያ ቁጥር የሙያው ማረጋገጫ ነው። አዝማሪም ይህንኑ ያደርጋል። በዳሱ መግቢያ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል አባቱንና አያቱን ይጠራል፤ ሲመልስ ያላፈረ ከሆነ ዳሱ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች «የእገሌን ጨዋታ እናውቀዋለን» ይላሉ። ልዩነቱ የመጀመሪያው የትውልድ ሐረግ በገድልና በታሪክ መጻሕፍት ጠርዝ ላይ መጻፉ፣ የሁለተኛው አለመጻፉ ነው። የቀለም ልዩነት ነው፤ የማስታወስ ልዩነት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ምንጃር መሻገሬ ግራ እንዳያጋባችሁ። ከጋይንት፣ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ በዚያ ዘመን ድምፁ በሸክላ የተቀረጸ አዝማሪ ስለሌለኝ አንድ የባህል ድምፃዊ ሕይወት በጽሑፍ እንዲኖር ምን ምን እንደሚያስፈልግ የምማረው ከመጀመሪያው ጉዳይ ነው። መጀመሪያው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1868 ዓ.ም. በሸዋ ምንጃር ተወለዱ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ አደጉ። አዲስ አበባ አውቶሞቢል በምታይበት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኩአቸው። በዚያው በጀርመን ቆይታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1910 መካከል፣ ከአንድ ደርዘን የሚበልጡ ሸክላዎች በድምፃቸውና በማሲንቆ ተቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የንግድ ቀረጻ ታሪክ የሚጀምረው ከእነዚህ ሸክላዎች ነው። ስማቸው «ተሰማ» መሆኑን ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች ለዚህ አስበውት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ሰም ለሚወድ ሰው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ቀረጻው እንዴት ይካሄድ እንደነበር ላፍታ ላስረዳ፤ ምክንያቱም የቀረጻው መሣሪያ በድምፃዊው ሥራ ላይ የሠራውን መረዳት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለቀረጻ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ድምፃዊው የሚዘፍነው ወደ አንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ጥሩምባ ነው፤ የድምፁ ግፊት በጥሩምባው ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ መርፌውን፣ መርፌው በሰም ሰሌዳ ላይ ያለውን መስመር ይቀርጻል። ዝቅ ያለ ድምፅ አይያዝም፤ የራቀም አይያዝም። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ነው። ሌሊት ሙሉ የሚፈስሰውን ጨዋታ በሦስት ደቂቃ ቆርጦ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያ ክፍል ውስጥ «ተቀበል!» የሚል እንግዳ የለም። የሚሸልም የለም። የሚስቅና የሚቆጣ የለም። አዝማሪ ግጥሙን የሚቆርሰው ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ፊት ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ ከፊታቸው የነበረው ጥሩምባ ነው። በቀረጻዎቹ ላይ የሚሰማው ጥድፊያ፣ በእኔ ግምት፣ ከዘመኑ የአዘፋፈን ስልት ብቻ ሳይሆን ከዚህም የመጣ ነው። ሙዚቀኞች በዚህ ከእኔ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ።

ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ የሕይወታቸው አቅጣጫ የድምፃዊ ሳይሆን የሹም ነው። የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ሆኑ፤ በዚያ ዘመን በሚኒስትርነት እስከማገልገል ደረሱ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ነገር አብሮ ወረደ። እስከ 1957 ዓ.ም. ኖረዋል። ልጃቸውን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባት የሚባሉትና እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የአባታቸውን ግጥሞች ያሰባሰቡት እኚሁ ልጅ ናቸው፤ ስብስቡ «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ታትሞአል። ሸክላዎቹ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ 27ኛ ቅጽ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ወጥተዋል።

በሙዚቃ ታሪክ ጽሑፎች ላይ እኚህ ሰው አንዳንድ ጊዜ «አዝማሪ ተሰማ» ተብለው ይጠቀሳሉ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ይከርራል። ነጋድራስ ተሰማ በትውልድ ከአዝማሪ ወገን አልነበሩም። የቤተ መንግሥት ሰው፣ በኋላም ባለ ማዕረግ ነበሩ። ማሲንቆና ግጥም የሚያውቅ የቤተ መንግሥት ሰው መሆን ሌላ ነገር ነው፤ ከአዝማሪ አባት ተወልዶ በማሲንቆ ማደር ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው በሸክላ የተሰማው «አዝማሪ» የአዝማሪን ስም ለሙያው የወሰደ እንጂ የአዝማሪን ኑሮ የኖረ ሰው አይደለም። ይህን ስል ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ ግጥማቸውን ያነበበ ሰው ያንን ማድረግ አይችልም። የምለው፣ ሕይወታቸው ሊጻፍ የቻለው በድምፃቸው ምክንያት ብቻ አለመሆኑን ነው። ቤተ መንግሥት ስማቸውን ጽፎአል። ሸክላ ያለ ስም አይሸጥምና ኩባንያውም ጽፎአል። ሹመት ጽፎአል፤ ውድቀትም ጽፎአል። በመጨረሻም ማንበብና ማሰባሰብ የሚችል ልጅ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን በእስቴ ዳስ ውስጥ ላየሁት ሰው አልነበረውም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን ነጋድራስ ተሰማን «እሳቸው» እያልሁ ነው፤ የእስቴውን አዝማሪ ግን «እሱ»። በዕድሜ ከእኔ አባት ሳይበልጥ አይቀርም ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለ ልጅ እግር ሁሉ «አንተ አዝማሪ» ይለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ከዚህ በኋላ ልማዴን ለማረም እሞክራለሁ፤ ብስት ታገሡኝ።

የአዝማሪ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በጆሮ ነው። አባት ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ እንቅልፍ እስኪጥለው ያዳምጣል። ማሲንቆ አንድ ገመድ ብቻ ያለው፣ ገመዱም ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ መሣሪያ ነው። ከእንጨት የተሠራው ባለ አራት ማዕዘን ገላው በቆዳ ይወጠራል፤ ደጋኑ ሙጫ ይቀባል። ጣት ገመዱን ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ ከጎኑ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ ድምፁ የሚገኝበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት መሣሪያው ላይ የለም፤ ምልክቱ ጆሮ ውስጥ ነው። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ ለመለየት የአዝማሪ ልጅ የሚጠቀመው ይህንን ጆሮ ነው። ድጓ ተማሪው ምልክት ከመጻፉ በፊት ቃል ትምህርት እንደሚማረው ማለት ነው፤ ብቻ ለአዝማሪው ልጅ ምልክቱ የሚጻፍበት ቀን አይመጣም።

ሁለተኛው ትምህርት ሰው ማወቅ ነው። አዝማሪ ዳስ ሲገባ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን መሬት እንደተከራከረ፣ ማን ሹመት እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ቃሉን በዜማው ውስጥ መልሶ ያስገባዋል፤ ስንኙ ቤት ካልመታ ያስመታዋል፤ ስድብ ካለበት ሰሙን ያወፍረዋል። ይህ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። ግጥሙ የእንግዳው ተብሎ ይወራል፤ ከተጣሉበት ግን የሚጠየቀው አዝማሪው ነው። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው የምሥጢር ቃላት አሏቸው፤ ጥንዶቹ በሰው ፊት በዚያ ቋንቋ ማን ለጋስ፣ ማን ቆጣቢ እንደሆነ ይነጋገራሉ። «ጥንዶቹ» ያልሁት ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ስለሚሠሩ ነው። ሚስትየዋ ተቀባይ ናት፤ ብዙዎቹ የሕዝብ ግጥም ስብስቦች ስለእሷ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ስለ አዝማሪው ስም መዘንጋት እየተናገርሁ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፌ ራሱ ጥፋት ነው፤ ሌላ ንግግር የሚፈልግ ስለሆነ ግን እዚህ አቆማለሁ።

ኑሮውስ? በጎንደር አገር አዝማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጋቡት እርስ በርሳቸው ነበር። መኳንንቱ በየቤታቸው አዝማሪ ያኖሩ ነበር፤ አዝማሪው ጌታውን ተከትሎ ወደ ዘመቻ ይሄዳል፤ ያሞግሳል፤ ያሸልላል፤ ሲያስፈልግም ይወቅሳል። የሚበላው ከጌታው ማዕድ፣ የሚለብሰው ከጌታው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በዚህ ላይ ያመጣው ለውጥ በሙዚቃ ጥናቶቻችን ላይ እምብዛም አይነሣም። አዋጁ ራሱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ፣ በፆታ ሳይለይ፣ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። አዝማሪም በሕግ ገበሬ የመሆን መብት አገኘ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ማዕዱ የሚቆረስበት የባላባት ቤት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው የኪነት ቡድን ዘመን ነው፤ በየአውራጃው ወጣቶች ተሰበሰቡ፣ ማሲንቆው ከእነሱ መካከል ገባ፣ የሚሞገሰውም ሰው ተለወጠ። ከአዝማሪ ወገን ያልሆኑ ልጆች ማሲንቆ መያዝ ያላፈሩት፣ እኔ ካነጋገርኋቸው ሰዎች አንደበት እንደተረዳሁት፣ ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረ አንድ ነገር ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጭፍጨፋው አዲስ አበባ ላይ አላበቃም። በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እንዲያዙና እንዲገደሉ አዘዘ። የጣሊያን ሰነድ ይህንን የሚገልጸው ወሬ አሰራጭተው ሕዝቡን ያነሣሣሉ በሚል ምክንያት ነው። ጠላት የአዝማሪን ኃይል ከእኛ ቀድሞ ተረድቶት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ ሰነዱን ያነበበ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ብቻ አይደለም። የአርበኞች ስም ዝርዝር አለን፤ ከነማዕረጋቸው፣ ከነጦር ግንባራቸው። በመጋቢት 1929 የተገደሉት አዝማሪዎች በሙያቸው ስም በጅምላ ተጠቅሰዋል። ገዳዩም «አዝማሪ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ከሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላ በካሴቴ ላይ «አዝማሪ» ብዬ ጻፍሁ።

(ጥቂት ዝምታ)

ስም የመጻፉ ነገር በከተማ ተሻሽሎአል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነፃነት በኋላ የቴአትር ቤት ሲሆን ማሲንቆ ተጫዋች በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። ከእነሱ አንዱ የማሲንቆው ጌታመሳይ አበበ ነው። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ማሲንቆ የተማረው ከእሱ ነው፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ሲዞር ሳተንም አብሮ ተጫወተ። ተማሪው አሜሪካዊ በመሆኑ «መምህሬ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቀረ። ይኸው የዙር አምባ ጥያቄ ነው። አሸናፊ ከበደ ስለ አዝማሪ የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሞአል፤ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴም በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጎንደር ከተማ የአዝማሪ ልጆችን ሕይወት ተከትሎ ፊልም ሠርቶአል። ካዋሴ ልጆቹን እንደ ሰው፣ ከነጠባያቸው አሳይቶአል፤ ያ ሥራ ለእኔ ዘግይቶ የደረሰ ትምህርት ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሴሚስተር በዚሁ ክፍል ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰምቼዋለሁ። ተቃውሞው እንዲህ ይላል፤ ቃል ግጥም የጋራ ሀብት ነው፤ ደራሲ የለውም፤ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ስም መፈለግ የጽሑፍ ዓለምን ሕግ በቃል ዓለም ላይ መጫን ነው። ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው፤ እኔም ብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ችግሩ ግን በእስቴ ዳስ ውስጥ ያለ ማንም ሰው እንዲህ አያስብም። ባለ ሰርጉ ሰው ሲልክ «አንድ አዝማሪ ፈልጉልኝ» አላለም፤ «እገሌን አምጡልኝ» ነው ያለው። ዋጋ የተነጋገረው በስሙ ነው። በቀጣዩ ሳምንት በገበያ ላይ የተወራው እገሌ እንዲህ አለ ተብሎ ነው። ስም የለሽነቱ የነበረው እኔ ደብተር ውስጥ እንጂ መንደሩ ውስጥ አልነበረም። የጋራ ሀብት የሚሆነው ግጥሙ ከሰውዬው ተለይቶ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው፤ እኔ ግን እዚያው ምንጩ ላይ ቆሜ ነበር።

ዛሬ ይህ ስሕተት በሌላ መልክ ቀጥሎአል። ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል፤ ቪዲዮው በማግሥቱ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ርእሱ «በጋይንት ሰርግ ላይ ጉድ ያስባለ አዝማሪ» ዓይነት ነው። የቀረጸው ሰው የቻናሉን ስም በትልቁ ይለጥፋል። ከጥሩምባው ዘመን ወዲህ መሣሪያው የማይታመን ያህል ተሻሽሎአል፤ የስም ነገር ግን የጀርመኑ ሸክላ ካደረሰው ደረጃ እንኳ አልደረሰም። በአዲስ አበባም ቢሆን ብዙ አዝማሪ ቤቶች የነበሩበት የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጻፈ። በየቤቱ ሌሊቱን ሲጫወቱ የኖሩትን ከነስማቸው የዘረዘረ ጽሑፍ ግን አላየሁም።

ወደ ካሴቴ ልመለስና ልጨርስ። በ2011 ዓ.ም. ድምፁን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጬ በስልኬ ይዤ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። በገበያ ቀን አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አስደመጥሁ። ሰርጉን የደገሱት ባለቤት አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሰርጉን ያስታውሳሉ፣ አዝማሪውን ግን በስም አያስታውሱም። ወሬው ግን ሄደ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ «ይህ የእኛ አባት ነው» ብሎ መጣ። አንደኛው ከዚያው ከእስቴ ነው፤ ሁለተኛው ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ፤ ሦስተኛው ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የመጣ ሲሆን አባቱ በዚያ ዓመት አዝመራ ስለከፋ ወደ እስቴ ሰርግ ወርደው እንደነበር ነገረኝ። ሦስቱም የተለያየ ስም ሰጡኝ። ሦስቱም ምክንያት ነበራቸው። ስሞቹን ዛሬ እዚህ አልጠራቸውም፤ ቤተሰቦቹ ገና እየተነጋገሩ ነው፤ አንዱን ብጠራ ሁለቱን መካድ ይሆንብኛል።

ከስማዳ የመጡት አንዲት እናት ግን ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረጉ። ዘፈኑን ሲያዳምጡ ፊታቸው አልተለወጠም። ካሴቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ አዝማሪው ጨዋታውን አቋርጠው ገመዱን ሲያጠብቁ፣ በጉሮሮአቸው ዝቅ አድርገው የሚያንጎራጉሩት ነገር አለ፤ ድምፅ ለመፈለግ ይመስላል። እናቲቱ እጃቸውን አነሡና «እዚህ ላይ መልሰው» አሉኝ። መለስሁት። ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። ከዚያ «ይሄ እሳቸው ናቸው፤ የፊተኛው ግን ሌላ ሰው ነው» አሉ።

ሃያ አምስት ዓመት ያስተማርሁበትን ካሴት እንደ አዲስ አዳመጥሁት። እውነታቸውን ነበር። አንደኛው ገጽና ሁለተኛው ገጽ አንድ ሰው አይደለም። እኔ ቴፑን አጥፍቼ በነበረበት ጊዜ፣ ምናልባትም እኩለ ሌሊት ላይ እራት ስበላ፣ አንዱ አዝማሪ ደክሟቸው ሌላው ተክተዋቸዋል። አንድ ቃል ስለጻፍሁ አንድ ሰው መስሎኝ ኖርሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ስለ «አዝማሪው የአዘፋፈን ስልት መለዋወጥ» ሦስት ገጽ ሙሉ ትንታኔ አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይገኛል፤ ለሚፈልግ።

ስለዚህ ከሦስቱ ቤተሰቦች ሁለቱ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ከእስቴም፣ ከስማዳም፣ ከጋይንትም የመጣችሁ እዚህ አላችሁ። አሁን ሁለቱንም ገጾች በከፊል አሰማችኋለሁ፤ መጀመሪያ ከአንደኛው ገጽ አራት ደቂቃ፣ ቀጥሎም ገመዱ የሚጠብቅበትን ቦታ። ድምፁን የሚያውቅ ካለ፣ ወይም ያውቅ ይሆናል የሚለው ሽማግሌ በአካባቢው ካለ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ረዳቴ ደብተር ይዛለች።